በአፌ የገባው ደባል

ጥርሱን የጠላሁት ገና ከሳህኑ ሲነሳ ነው። ዶክተሯ በሁለት ጣቷ አንስታ ወደ መስኮቱ አዙራ አየችውና ወደኔ መለሰችው። ድዱ የሕፃን ድድ መስሎ ቀይ ነው። ጥርሶቹ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ነጭ፣ አንዱም ሲጋራ ያልነካው፣ አንዱም አጥንት ያልቆረጠመ። የኔ ጥርሶች በልጅነቴም እንደዚያ ሆነው አያውቁም። የማን አፍ እንደሆነ እንጃ፣ የኔ ግን አልነበረም።

ያ ጊዜ ቀበሌ ቤትህ ሰፍቶ ከታየው ደባል የሚያስገባብህ ጊዜ ነው። ቀበሌው እኔ ቤት ማንንም አላስገባም። ቤቴ አንዲት ክፍልና አንዲት ኩሽና ስለሆነች ቢያስገባም የሚተኛበት የለም። እኔ ላይ ደባሉ የገባው በአፌ ነው። ከገባ በኋላም እንደ ደባል ሁሉ የራሱን ሕግ ይዞ መጣ። ምን እንደምበላ፣ መቼ እንደምበላ፣ መቼ አፌን እንደምከፍት የሚወስነው እሱ ሆነ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሞረድና መዶሻ ይዤ ነው። ፊደል የያዝኩት ከሸመገልኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ፣ የጻፍኩት ነገር ከተንጋደደ ያነበበ ያቃናው። ስለ ጥርስ ግን ማንም አያቃናኝም።

መጀመሪያ ለምን እሺ እንዳልኩ ልናገር። በሙቀጫ ምክንያት ነው።

ድሬዳዋ ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ ሰውን ከመንገድ ታባርራለች፣ ሰው ሁሉ ጥላ ይፈልጋል። እኛ የምንገባው ጎረቤቴ ቤት ነበር። ጎረቤቴ ሶማሌ ነው፣ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል። ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ምንጣፍ ያነጥፋል፣ እኛም የየራሳችንን ጫት በብብታችን ይዘን እንመጣለን። በርጫ እንለዋለን። እስላሞቹ በዱዓቸው ይጀምራሉ፣ እኛ ደግሞ አማትበን እንጀምራለን፣ ከዚያ በኋላ ልዩነት የለም።

ልዩነቱ መቀመጫው ላይ ነው። በግድግዳው በኩል ትራስ ተደግፈው የሚቀመጡት ቀንበጡን ራሳቸው ቀንጥሰው በጥርሳቸው የሚቅሙ ናቸው። በበሩ በኩል ደግሞ ሙቀጫ ተቀምጧል። ጥርሱ ያለቀ ሰው እዚያ ይሄዳል። የቤቱ ባለቤት ቅጠሉን ይወቅጥለትና እንደ ሊጥ የላመውን አረንጓዴ ነገር በማንኪያ መዳፉ ላይ ያደርግለታል። በኛ አገር የተለመደ ነው፣ ነውር የለውም ይላሉ። እኔ ነውር አለው ብያለሁ።

ያኔ ሙቀጫው ዘንድ የሚቀመጡት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፣ የድሮ ባቡር ነጂ። እኚህ ሰው ባቡሩን ይዘው ጣቢያ ሲገቡ የተቀመጠው ሁሉ ይነሳላቸው ነበር። ፍሬን ላይ እጃቸውን ሲጥሉ የሚያጅባቸው የብረት ድምፅ እንኳ ከሌላው ነጂ ይለያል። ጥርሳቸው ካለቀ በኋላ ግን በሩ ዘንድ ወርደው፣ ማንኪያ ሲመጣላቸው መዳፋቸውን ሲዘረጉ አየሁ። ከዚያ ወዲህ «እርስዎስ ምን ይላሉ» ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልሰማሁም። ወሬው ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ይመላለሳል እንጂ በሩ ጋ አይደርስም። ያን አይቼ በልቤ ማልኩ፤ እኔ ከትራሴ የምነሳው ሬሳዬ ሲነሳ ነው አልኩ።

እግዜር ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ ጥርሴን ማርገፍ ጀመረ። አንዱ በጎድን፣ አንዱ በደረቅ ዳቦ፣ ሌላው ያለ ምንም ምክንያት፣ ቁጭ ባልኩበት። የቀሩትን ሆስፒታል ነቀሏቸውና ድዱ እስኪድን ጠብቅ አሉኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በርጫ አልሄድኩም። ሆዴን አሞኛል አልኩ።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን ያሰግጋል።

«ወሪያ፣ የታመመው ሆድህ ነው ወይስ አፍህ?»

«ሆዴ ነው።»

«ሆዱን ያመመው ሰው ሲያወራ አፉን በእጁ አይሸፍንም፣ አቦ።»

«አንተ ጨርቅህን ሽጥ።»

«እሸጣለሁ። ሙቀጫውንም አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።»

ይህን ብሎኝ ነው ጥርስ ላስገባ ብዬ የተነሳሁት። ለውበት አይደለም፣ ለሥጋም አይደለም። ትራሴን ላለመልቀቅ ነው።

ዶክተሯ ኩባዊት ናት። ከጦርነቱ በኋላ እንደመጡት ሐኪሞች ሁሉ ወጣት ናት፣ የመጨረሻ ልጄን ታክላለች። አማርኛ አትችልም። የሚያስተረጉመው ነርሱ ነው፣ የሚያስተረጉመውም እሷ ከምትለው በጣም ያነሰ ነው። እሷ ረጅም ነገር ትናገራለች፣ እሱ «ይክፈቱ ይላሉ» ይለኛል። ደግማ ረጅም ነገር ትናገራለች፣ «ይዝጉ ይላሉ» ይላል። አፌን በጀሶ ሞላችው። እኔ ጀሶ የማውቀው ግድግዳ ላይ ነው። ሌላ ቀን ሰም አስነከሰችኝ። በመጨረሻ ያን ቀይና ነጭ ነገር አመጣችና ላይና ታች አስገባችልኝ፣ መስታወትም ሰጠችኝ። መስታወቱ ውስጥ የማላውቀው ሰው ጥርሱን አግጥጦ ያየኛል።

ነርሱ ትእዛዙን ነገረኝ። «ሲተኙ ያውልቁት፣ ውሃ ውስጥ ያድርጉት። በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ። መጀመሪያ ለስላሳ ምግብ ብቻ። ማቁሰሉ አይቀርም፤ ሲያቆስልዎት ጥርሱን እንዳደረጉ ይምጡ፣ የነካዎትን ቦታ እሳቸው ይሞርዱልዎታል። እርስዎ በራስዎ ምንም እንዳይነኩ።»

«ጫትስ?»

ነርሱ ሳቀና ለሷ ነገራት። እሷ አልሳቀችም። በጣቶቿ ቅጠል የመቀንጠስ ምልክት አሳየችና ጣቷን አፍንጫዬ ሥር ወዘወዘችው። የቅጠሉን አቀናጠስ ከየት እንደተማረችው እንጃ።

«ድዱ እስኪለምድ ድረስ አይቻልም ይላሉ።»

«መቼ ነው የሚለምደው?»

ነርሱ ይህን አላስተረጎመም። «ሲለምድ ነዋ፣ አባባ» አለኝ።

ቤቴ እስክደርስ ድረስ አፌ በምራቅ ሞላ። ከንፈሬ አልገጥም አለ፣ ምላሴ መግቢያ አጣች። ሰላም ለሚለኝ ሰው አንገቴን ብቻ እነቀንቃለሁ። «ሰ» ያለበትን ነገር ሁሉ መናገር አቃተኝ፣ እንደ እባብ ያፏጫል። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ሰላምታ ሳይለዋወጥ የሚያልፍ ሰው የለም፣ ይኼ ሰው ምን አኩርፎ ነው እያሉ ያዩኛል። አኩርፌ ነበር፣ በነሱ ግን አይደለም።

ሕመሙ የጀመረው ከታች በግራ በኩል ነው። የላይኛው በላንቃው ተይዞ ደህና ይቀመጣል፣ የታችኛው ግን የሚይዘው ነገር የለውም። ምላሴን ባነሳሁ ቁጥር ይነሳል፣ ሲመለስ ያችኑ ቦታ ይረግጣል። መጀመሪያ ቀላች፣ ቀጥሎ ነጭ ሆነች፣ ቀጥሎ ተቀደደች። ድድ ምን ያህል ትንሽ ሥጋ እንደሆነና ሰውን ምን ያህል ማሠቃየት እንደሚችል ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። ጨው ውሃ ስጉመጠመጥበት ዓይኔ በእንባ ይሞላል። ጥርሱን አውልቄ ብርጭቆ ውስጥ ሳስቀምጠው እዚያ ሆኖ ይስቅብኛል። እሱ አልቆሰለም።

ሚስቴ አጥሚት አቀረበችልኝ።

«ይኼ የማን ነው?»

«ያንተ ነዋ።»

«አራስ ነኝ እኔ?»

«አንተ ሰውዬ፣ አራስ ብትሆን ደስ ባለኝ። አራስ የሰጡትን ይጠጣል።»

«ሥጋ የለም?»

«አለ። በምን ልትበላው ነው?»

አጥሚቱን ጠጣሁት። በማግስቱ ገንፎ፣ በሌላው ቀን የተፈጨ ፓፓያ። ፓፓያ ድሮም አልወድም፣ አሁን ደግሞ ጠላሁት። አፌ ውስጥ የሚገባው ነገር ሁሉ ሌላ ሰው አኝኮ የሰጠኝ ይመስለኛል። ሐኪሟ ጋ ሂድ አለችኝ፣ አልሄድም አልኩ። ብሄድ ጫት አይቻልም ትለኛለች። ደግሞስ የሚነካካ ቦታ ስለመሞረድ ለኔ ነው የሚነገረኝ?

በዚህ መሀል እሑድ መጣ፣ እሑድ ደግሞ የቀበሌ ስብሰባ ነው። መቅረት አይቻልም። መፈክር ሲባል ግራ እጅን አንስቶ መጮህ ነው። ግራ እጄን አነሳሁ፣ አፌን ግን አልከፈትኩም። ብከፍተው የታችኛው ይነሳል፣ ሲነሳ ቁስሉን ይፍቃል፣ ከዚያም አልፎ ዘሎ ሊወጣ ይችላል። አዳራሹ በሙሉ ይጮኻል፣ እኔ እጄን ሰቅዬ አፌን ገጥሜ ተቀምጫለሁ። ካድሬው ከመድረኩ አየኝ። በሚቀጥለው መፈክር ደግሞ አየኝ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሰዉን ጸጥ አሰኘ።

«አባት፣ እርስዎ ከሰፊው ሕዝብ ጋር አይደሉም እንዴ? ድምፅዎ አይሰማም።»

በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ መጠየቅ የድድ ሕመም ያስረሳል። ልመልስ ብል ምላሴ ከጥርሱ ጋር ተያዘችና አንድ የማይረባ ፉጨት ብቻ ወጣኝ። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወለሉ ላይ ጣለ። ያን ጊዜ ከኋላዬ ጎረቤቴ ተነሳ።

«ጓድ፣ ጥርስ አስገብቶ ነው። አዲስ ነው፣ ገና አልለመደውም። ቢጮህ እርስዎ ጋ ይደርሳል።»

«ምኑ ነው የሚደርሰው?»

«ጥርሱ።»

አዳራሹ ሳቀ። ካድሬውም ላለመሳቅ ታግሎ ሳቀና «እንግዲያው ጥርሱ እስኪነቃ በእጅዎ ይታገሉ» ብሎ መፈክሩን ቀጠለ። 

ሚስቴ ስንመለስ «ሰውዬው አዳነህ» አለችኝ። ምን አዳነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅኩትን በሰፈሩ ፊት ዘረገፈው። ከየት እንደሰማው ስጠይቃት ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። የሱ ሚስትና የኔ ሚስት ውሃ የሚቀዱት ከአንድ ቦኖ ነው፣ ሌላ ምን ይባላል።

ጎረቤቴ ራሱ ገና ከአዳራሹ ስንወጣ ደረሰብኝና ትከሻዬን ያዘኝ።

«እንግዲህ ሆድህ ድኗል። ነገ ና። ትራስህ ይጠብቅሃል።» ጥቂት ሄደና ዞር አለ። «ካልሆነም ሌላው ቦታ ይጠብቅሃል።»

ከዚህ በኋላ መቅረት የለም። ብቀር ጥርሱም አልሠራለትም ይባላል፣ የሚቀጥለው በሩ ዘንድ መውረድ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሚስቴ ገበያ ስትወጣ ዕቃዬን አወጣሁ። ሥራውን አውቀዋለሁ። ጋራዥ ሳለን የባቡር ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚዞርበት ብረት፣ አልገጥም ሲል ዘንጉን ስስ ቀለም ቀብተን ከተን እናዞረዋለን፣ ስናወጣው ቀለሙ የተነካካበት ቦታ ያበጠው እሱ ነው፣ እሱን እንፍቃለን፣ እንደገና እንቀባለን፣ እስኪገጥም። አፍም የሚገጥምና የማይገጥም ነገር ነው ብዬ አሰብኩ። ቀለም ስላልነበረኝ የሚስቴን ኩል ከቅባት ጋር ለውሼ የታችኛውን ጥርስ በውስጥ በኩል ቀባሁት። አስገባሁት፣ ነከስኩ፣ አወጣሁት። ኩሉ የተፋቀበት ቦታ በግራ በኩል ቁልጭ ብሎ ታየ። ጥርሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ ላይ አሰርኩትና ደቃቁን ሞረድ አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ያን ቀይ ነገር ስሞርደው የተበቀልኩት መሰለኝ።

ሚስቴ ዘንቢሏን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«አፍህ ምን ሆኗል?»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ከሰል በላህ?» ቀረብ ብላ አየችና ብልቃጡን አነሳችው። «ኩሌን ነው?»

«ትንሽ ነው የወሰድኩት።»

«ሐኪሟ አትንካ አላለችህም?»

«እሷ ባቡር ሠርታ ታውቃለች?»

«አንተስ አፍ ሠርተህ ታውቃለህ?»

ጥርሱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ አስገባሁት። ግራው ዕፎይ አለ። ይኸው ብዬ ልነግራት አፌን ስከፍት ቀኙ ተነሳ። እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ እንደሚነቃነቅ ወዲህና ወዲያ ይል ጀመር። ቀኙን ትንሽ ፋቅኩት፣ ኋላው ተነሳ። ኋላውን ፋቅኩት፣ ሁሉም ላላ። ብረት ሲሞረድ ባለበት ይጠብቅሃል። ድድ ግን ጠዋት ሌላ ነው፣ ቀትር ላይ ሌላ ነው፣ ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ ልኩን አይናገርም። ጥፋቱ የድዱ ነው። እንደዚያ ባለ ዕቃ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የለም።

ሰዓቱ ደረሰና ጫቴን ይዤ ሄድኩ።

ከበሩ ስገባ ነጂው ሙቀጫቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ አለፍኳቸው። ጎረቤቴ ትራሴን በመዳፉ ደበደበልኝ። ተቀመጥኩ፣ ጀርባዬ ግድግዳውን ሲነካ ሌላው ሁሉ ቀለለኝ። ከራሱ እስር አንድ ለምለም ቀንበጥ መዝዞ «ጀባ» አለኝ። ተቀበልኩት። ሁሉም ወሬ ላይ ያለ ይመስላል፣ ሁሉም ግን አፌን ያያል።

ቅጠሉን አኘክኩት። የመጀመሪያው ደህና ገባ። እንደ በፊቱ አይደለም፣ ጥርሱ ይንኳኳል፣ ጣዕሙም ላንቃዬን በሸፈነው ፕላስቲክ ምክንያት ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ ግን ገባ። ሁለተኛውን ስይዝ ጭማቂው ቁስሉ ላይ ደረሰ። ጨው ውሃ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ማር ነው። ቀጥሎ የቅጠሉ ገለባ በላላው ጥርስ ሥር ገባ። በነከስኩ ቁጥር ያ ገለባ በጥርሱና በድዴ መሀል እንደ አሸዋ ይፈጫል። ወደ ጉንጬ ልሰበስበው ስል ጥርሱ አብሮ ይሄዳል። ምላሴ ጥርስ ትያዝ ወይስ ቅጠል ትያዝ ግራ ገባት። ላቤ በጆሮዬ ሥር ወረደ። በድሬ ሙቀት የማያልበው ሰው ስለሌለ በዚያ አላወቁብኝም።

«እንዴት ነው ጥርሱ?» አለ ጎረቤቴ።

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ባለ ጥርስ ሆነህ አፍህ ጠፋ፣ አቦ።»

ሳቁ። እኔ ቅጠል ጨመርኩ። እልህ ነው ሌላ አይደለም።

ጎረቤቴ ያን ጊዜ የግመሉን ነገር አነሳ። ይህን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በኔ የሥራ ዘመን አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ ባቡር ሐዲድ ስቶ ነበር። ጎረቤቴ ባቡሩን የጣለው ሐዲድ ላይ የተኛ ግመል ነው ይላል። ሐሰት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ባወራ ቁጥር ከትራሴ ቀና ብዬ ሐሰት ነው የምለው እኔ ነኝ፣ እሱም እኔ እንድናገር ብሎ ነው የሚያወራው። ለብዙ ዓመት እንዲህ ኖረናል።

«ግመሉ ነጭ ነበር» አለ ዓይኑን እኔ ላይ ጥሎ። «የአጎቴ ግመል ነው። ተኝቶ ሳለ ባቡሩ መጣ። ግመል ደግሞ ለማንም አይነሳም።»

ምላሴን ጥርሱ ላይ ጫንኩ።

«ባቡሩ ነካው። ግመሉ ተቆጣ። ተነሳና በጎኑ ገፋው፣ ባቡሩ ወደቀ።»

ሐሰቱን አንድ ደረጃ ጨመረበት። አፌ በቅጠልና በምራቅ ሞልቷል፣ የታችኛው ጥርስ ቅጠሉ ላይ ተንሳፍፏል። ብከፍተው ሁሉም ምንጣፉ ላይ ይዘረገፋል። ዓይኔን ወደ ጣሪያው አነሳሁ።

ጎረቤቴ ጠበቀ። ሌሎቹም ጠበቁ። አንድም ሰው አልሳቀም። የሱም ፊት ተለወጠ፣ ኳስ ወርውሮ የሚመልስለት ያጣ ሰው መሰለ። «ግመሉም ተርፏል» አለ ቀስ ብሎ፣ ለሙከራ። በግድግዳው በኩል፣ በትራሴ ላይ፣ ጥርስ በጥርስ ሆኜ ተቀምጬ፣ ከቤቱ ውስጥ የጠፋሁት እኔ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ።

«ግመል አልነበረም።»

ነጂው ናቸው። ከንፈራቸው በውቅጡ አረንጓዴ ሆኗል፣ ቃላቸው ግን አንዱም አልተሰበረም።

«ባቡሩን የነዳሁት እኔ ነኝ። ግመል አላየሁም። ፉርጎውን የሚሸከመው ባሌስትራ ነው የተሰበረው። የጠገነው እዚያ ተቀምጧል፣» በጣታቸው አሳዩኝ፣ «ይናገር።»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሁለት ነገር ነበረኝ። ጥርሱን ይዤ ዝም ማለት ወይም ሥራዬን መመስከር። ከልቤ ጋር አልተመካከርኩም፣ በቅጠሉም በገለባውም በንዴቱም ተሞልቼ ነበር። መሀረቤን አወጣሁና «ይኼን ደባል መጀመሪያ ላስወጣ» አልኩ፣ ምን እንዳልኩ የገባው ሰው የለም። ታችኛውን፣ ቀጥሎም ላይኛውን መሀረቡ ላይ አወጣኋቸው። ቅጠሉ፣ ምራቁ፣ ትንሽም ደም አብሮ ወጣ። የኩሉ ቅሪት ገና እዚያው ነበረ። ማንም አልሳቀም።

«ባሌስትራ ነው» አልኩ። ድምፄ እንደ አሮጌ ወናፍ ነፋስ የበዛበት ነው፣ ግን ተሰማ። «ሦስተኛው ፉርጎ፣ በስተቀኝ። ዋናው ቅጠል ብረት ለሁለት ተሰብሮ ነበር። በማግስቱ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ግመል ባቡር አይጥልም። አጎትህም ግመል አልነበረውም፣ አህያ ነው የነበረው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤቴ ጭኑን መታ። «ወላሂ፣ አህያ ነበረው» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ። ያን ጊዜ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አላየሁም፣ ለዚያም ጠላሁት።

ከሳቁ በኋላ ተነሳና ፊቴ የተዘረጋውን ጫቴን ሰብስቦ ወደ በሩ ሄደ። ሙቀጫው አጠገብ ያለውን ምንጣፍ በእጁ አበሰልኝ።

«ና እንግዲህ ወደዚህ።»

«አልመጣም።»

«ጥርስህ መሀረብህ ውስጥ ነው ያለው፣ አቦ። በምን ልትቅም ነው?»

«ሙቀጫውን አምጣ።»

«የሙቀጫው ቦታ እዚህ ነው።»

«ባቡር መንገድ ላይ ሲበላሽ ጋራዡ ነው ዕቃ ይዞ ወደ ባቡሩ የሚሄደው። አምጣው።»

ሰዎቹን አየ፣ ነጂውን አየ። ከዚያ ሙቀጫውን በሁለት እጁ አቅፎ እያቃሰተ መጥቶ ፊቴ አስቀመጠው። ዘነዘናውን ሊያነሳ ሲል ቀማሁት። ዕድሜዬን በሙሉ መዶሻ የያዝኩ ሰው ቅጠል የሚወቅጥልኝ አልፈልግም። ወቀጥኩ። ሽታው ወደ ላይ ሲመጣ ሙቀጫውን እንደ ጠላት ነው የምመታው፣ ግን በደንብ ላመ።

ነጂው በሩ ዘንድ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። ጥቂት ተመለከቱን። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ፣ ምንጣፉን አቋርጠው መጡና ከትራሴ አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ።

«ለኔም ጨምርበት» አሉኝ። «እሱ ሲወቅጥ እንጨቱን ይተወዋል።»

«እንጨቱን ልቀሙልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄ የሰማኝ የለም» ሲሉም ጨመሩ፣ ለማንም ሳይሆን። እንጨቱን ለቅሜ አወጣሁላቸው። ማንኪያውን አላነሳሁም፤ ሙቀጫውን መሀላችን አደረግኩት፣ እያንዳንዳችን በጣታችን ወሰድን።

ቆይቶ ወደ ዶክተሯ ተመለስኩ፣ ሚስቴ ፊቴ ቆማ አላስቀምጥ ስላለችኝ። ጥርሱን ገልብጣ ስታየው ፊቷ ጠቆረ፣ ለነርሱ ረጅም ነገር ተናገረች።

«ማነው የሞረደው ይላሉ።»

«ሚስቴ ናት» አልኩ።

ነርሱ አስተረጎመላት። ዶክተሯ እጄን አየች፣ በብረት ሥራ የተቃጠለውን አውራ ጣቴንና የጥፍሬን ጥቁረት፣ ከዚያ ሌላ ነገር ሳትጠይቅ ጀሶውን ልታቦካ ሄደች። የታችኛውን እንደገና ሠራችልኝ። አዲሱም አቆሰለኝ፣ በሌላ ቦታ። እሱንም እሷ ሞረደችው። አሁን እበላበታለሁ፣ ሥጋም ቢሆን በትንሽ በትንሹ። ወደድከው ወይ ብትሉኝ አልወደድኩትም። አፌ ውስጥ ይኖራል፣ እኔም እኖራለሁ፣ ሰላምታ የለንም።

ለቀበሌ ስብሰባ አደርገዋለሁ፣ እዚያ ማግጠጥ ያስፈልጋል። በርጫ ስገባ ግን ገና ደጁ ላይ አውልቄ በመሀረብ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ። በሩ ዘንድ የሚቀመጥ ሰው አሁን የለም፣ ጫማ ነው የሚወልቅበት። ጎረቤቴ ገና ስቀመጥ «ደባልህስ?» ይለኛል። «ይጠብቅ» እለዋለሁ። ነጂው ዘነዘናውን ያቀብሉኛል፣ ጎረቤቴ ደግሞ የአጎቱን ግመል ከመጀመሪያው ይጀምራል።